«ለምን የግል መረጣችሁ?»

ሰው ፓርቲ የሚቀይረው ፕሮግራም አንብቦ ነው የሚላችሁ ካለ፣ ወይ ካድሬ ነው ወይ ራሱም ፕሮግራሙን አላነበበውም። እኔ ለምሳሌ ድምፄን ለግል ተወዳዳሪው የሰጠሁት ንግግሩን በአሥር ደቂቃ ስለጨረሰ ነው። አትፍረዱብኝ… የገዢው ፓርቲ ዕጩ ስለ ድሉ ለአራት ሰዓት ሲያወራ የጓሳ ተራራ ንፋስ እየገረፈው የቆመ ሰው ይፍረድ። ጆሮዬ የት ወድቆ እንደቀረ እስካሁን እየፈለግሁ ነው። ተቃዋሚውማ ከመኪናው ሳይወርድ «ጀግናው የቀየት ሕዝብ ሆይ» ብሎን ሄደ። ቀየት ሌላ አገር ነው፤ እኛ የቆምነው ዘመሮ ገበያ መሃል ነበር።

የግል ተወዳዳሪው ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነው። መርፌ ያልወጋው ሰው ስለሌለ፣ ከዕጩዎቹ ሁሉ የሕዝቡን የኋላ ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። እናም በቀበሌያችን ምርጫ ጣቢያ ሁለቱንም ዘረራቸው። ገዢው ፓርቲ ያገኘው አንድ ድምፅ ነው። አንድ… እሷንም እስክሪብቶ አዳልጦት የሰጠ ሰው ይኖራል።

በሳምንቱ የቀበሌው ካድሬ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበን። አምስተኛ ክፍል ሁለቴ ያስደገምሁት ተማሪዬ ነው፤ አሁን የማስደገሙ ተራ የእሱ ሆነ።

«ሕዝቡን ያሳሳተ የመንግሥት ሠራተኛ ቆላ ይወርዳል» ብሎ ጀመረ።

በቀበሌው ያለነው የመንግሥት ሠራተኞች እኔና ዘበኛው ነን። ዘበኛው ደግሞ በዓመት ሦስት ቃል ቢናገር ነው። ቆላውን ሳልወርድ አላበኝ።

«መምህር፣ ቃለ ጉባኤ ይያዙ። አባቴ፣ እርስዎ ለምን ፓርቲ ቀየሩ?» አላቸው ሽማግሌውን አቶ ሸዋንግዛውን።

«እኔ ምን ቀየርሁ ልጄ? የቀየራችሁት እናንተ። አምና “መንገድ እንሠራለን” አላችሁ፤ ዘንድሮ “ሠርተናል” አላችሁ። እኔ ያው እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሜያለሁ።»

«“ግንዛቤ ይጎድላቸዋል” ብለው ይጻፉ፣ መምህር። እርስዎስ እማማ አስካለ፣ ለምን የግል መረጡ?»

«የግል ነው ሲሉ ሰማኋ። መሬቱ የመንግሥት፣ ዛፉ የመንግሥት፣ የጓሳው ሣር የጋራ። ባሌ እንኳ የልማት ቡድን መሪ ከሆነ ወዲህ የመንግሥት ነው፤ ቤት የሚመጣው ለእንቅልፍ። አንድ የግል ነገር ቢመጣ እንዴት ልለፈው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ሳቁን የሚያሳርፍበት ሰው ፈለገና እኔ ላይ ዓይኑን ተከለ።

«እርስዎስ፣ መምህር? ለማን ሰጡ?»

እዚህ ላይ ደረቴን ነፍቼ እውነቱን የተናገርሁ መስሏችሁ ከሆነ አታውቁኝም። ቆላ እኮ ወባ አለ።

«እኔማ ለገዢው ፓርቲ» አልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አቶ ሸዋንግዛው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«እኔ የምለው… ለገዢው ፓርቲ የወጣችው አንዲት ድምፅ ናት። እሷ የመምህሩ ከሆነች፣ ልጄ፣ አንተም እዚሁ ከእኛ ጋር ተሰልፈህ ነው የመረጥኸው። ያንተዋ የት ገባች?»

ካድሬው ጣሪያውን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ። ሁለታችንም ድምፃችንን ለድሬሰሩ የሰጠን፣ አንድ መርፌ የወጋን ሰዎች መሆናችን ያን ጊዜ ገባን።

«ድምፅ ምስጢር ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እንዲህ ያለ ጥያቄ በስብሰባ አይነሣም። ይጻፉት፣ መምህር።»

ጻፍሁት። ቆላ የወረደ ሰው የለም። ከዚያ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ውስጥ፣ ከቀኑ በቀር፣ እውነት የሆነችው «ድምፅ ምስጢር ነው» የምትለዋ ብቻ ናት።