ሃያ ሰባት አንዶች

እኛ ሰዎች ትልቅ ነገር ፊት ቶሎ እንጎብጣለን። የቢሮው ጠረጴዛ ሰፋ ካለ ድምፃችን ይቀንሳል፤ ማኅተሙ ትልቅ ከሆነ ወረቀቱን ሳናነብ እንፈርማለን። ቁጥርም ሲረዝም ማንበቡን ትተን «ብዙ ነው» ብለን እናልፋለን። እናንተ ካልጎበጣችሁ ደግ ነው። እኔም አንድ ቀን አልጎበጥኩም፤ እሱን ላውጋችሁ።

አባቴ ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴን አቋርጬ ጨፋ ሮቢት የእህል መጋዘን ጫኝና አውራጅ ሆንኩ። ሰባት ዓመት። ስለዚያ ብዙ አላወራም። የማወራው ስለ ድርደራው ነው። የማሽላ ጆንያ ሲራገፍ ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርገን እናነጥፍና አንዱን ንጣፍ በሌላው ላይ እንከምራለን። ዘጠኝ ያልሞላው ትርፍ ክምሩ ጫፍ ላይ ይወጣል፤ የሚያወጣው ደግሞ ለሥራው አዲስ የሆነው ሰው ነው። አዲሱ እኔ ነበርኩ። አለቃችን ጋሽ ኡመር አዘነልኝ መሰለኝ፣ «አብሽር ያ ጉርባ፣ አይዞህ አንተ ልጅ፣ መኪናው ሳይራገፍ መከራህን እወቀው» ብሎ አንድ ዘዴ ሰጠኝ። የጆንያውን ቁጥር አሃዞች ደምር፤ ከዘጠኝ ከበለጠ እንደገና ደምር። ሰባ አራት ጆንያ ከመጣ ሰባትና አራት አሥራ አንድ፣ አንድና አንድ ሁለት። ሁለት ጆንያ ይተርፋል፤ ወገብህን አዘጋጅ። ዘጠኝ ከመጣ ግን የሚተርፍ የለም፤ አልሐምዱሊላህ በልና ተቀመጥ።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣ ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን፣ ከሚሴ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ሰባተኛ ክፍል መዝግቡኝ አልኩ። ያ ቀን ካለፈ ሌላ ዓመት ጆንያ ነው። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሥራዬን ስነግራቸው አጠገባቸው የቆመው የሒሳብ መምህር ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ትከሻ ነው ያመጣኸው ወይስ ጭንቅላት?» አለና የቢሮውን ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሞላው፦

111111111111111111111111111

«ይህ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም። ካካፈልከው ትመዘገባለህ። ካቃተህ ወደ ጆንያህ!»

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ወደ በሩ ዞሬ ነበር። ከዚያ ግን አንዶቹን በጣቴ ቆጠርኳቸው። ሃያ ሰባት ናቸው፤ ድምራቸውም ሃያ ሰባት። ሁለትና ሰባት ደግሞ ዘጠኝ።

«ለዘጠኝ ይካፈላል። ምንም አይተርፍም» አልኩ።

መምህሩ ስቆ ማካፈል ጀመረ። መልሱ 12345679 እያለ፣ ስምንትን ብቻ እየዘለለ፣ በመሃል ዜሮ እያስገባ፣ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ መጣ። ቀሪው ዜሮ። ሳቁ እዚያ ላይ አለቀ። እንደገና አካፈለ። እንደገና ዜሮ።

«ምነው መምህር?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«የሒሳብ መጽሐፉ ላይ ያለው የማይካፈል ቁጥር ሃያ ሦስት አንድ ነው» አለ ፊቱ ቀልቶ። «ሰሌዳው ቦታ ሲተርፈው… አራት ጨመርኩበት።»

በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ማንም የማይሰብረውን ቁጥር እኔን ለማስፈራራት ሲያወፍረው ራሱ ሰበረው። ስንቱ ሹም እንዲህ እንደሚያደርግ እናንተው ታውቃላችሁ።

መምህሩ ግን እጅ አልሰጠም። አራቱን አንድ ጠርጎ ጠመኔውን ወረወረልኝ። «በል አሁን አካፍል!»

ሃያ ሦስት። ሁለትና ሦስት አምስት፤ ለዘጠኝ እምቢ፣ ለሦስትም እምቢ። በሰባት ሞከርኩ፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት። ጠመኔው ጣቴ ላይ አለቀ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«አቃተህ?»

«አቃተኝ» አልኩ። «ባያቅተኝማ እዚህ ምን ያመጣኝ ነበር! መዝግቡኝና አስተምሩኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ብዕራቸውን አነሱ። «ስም እስከ አያት» አሉኝ።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ዴስኩ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የተሠራ ነው፤ ጉልበቴ አልገባ አለ። ልጆቹ ሳቁ። ወደ ጎን ዞሬ ተቀመጥኩ። አልወጣሁም።