ባና የለበሰው የመስታወት ቤት

ያለውን ከሌባ ሳይሆን ከአድናቂ የሚደብቅ ሰው የሌለበት መንደር የለም። በዳባት ይህ ማዕረግ የጎረቤቴ የአያ አላምረው ነው፤ እኔ በልቤ «ሊቀ ቲማቲም» እላቸዋለሁ። ላማቸውን ሲያልቡ ማለቢያውን በጋቢ ሸፍነው ነው የሚገቡት። ልጃቸው የወለደች ጊዜ «ምን ወለደች?» ብላቸው፣ «እንጃ፤ አንድ ነገር ነው» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ሰው የመስታወት ቤት መሥራቱ የዘመኑ ተአምር ነው። ጎንደር ወርደው የቀመሱት ቀይ ቲማቲም ልባቸውን ወሰደው፤ የዳባት ውርጭ ግን ቲማቲም አያበቅልም። ስለዚህ ጣልያን ጥሎት ከሄደ ጋራዥ መስታወት ለቀሙ፤ አልበቃ ሲል የገዛ ቤታቸውን ሁለት መስኮቶች ነቀሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽታዬ በክፍቱ መስኮት የሚገባውን ብርድ ሁለት ሳምንት ታገሡና ወደ ወንድማቸው ወደ አዘዞ ተነሡ። ጭነት መኪናው ላይ ወጥተው የተናገሩትን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ቲማቲምህ ሲቀላ ላክብኝ! እስከዚያ የኔ ቤት አዘዞ ነው።»

ቲማቲሙ አበበ፤ አፈራ፤ የዶሮ እንቁላል አከለ። ከዚያ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። አያ አላምረው ዓይን እንዳይበላባቸው ቀን ቀን መስታወቱን ከላይ እስከ ታች በበግ ጠጉር ባና ያለብሱታል። ማታ፣ ሰው ወደየቤቱ ሲገባ፣ «አሁን ይተንፍስ» ብለው ይገልጡታል። ፀሐይ ባናውን ታሞቃለች፤ ውርጩ ቲማቲሙን ይጎበኛል።

«አያ፣ ምነው ፀሐይ ቢያስገቡለት?» አልኋቸው።

«ፀሐይዋስ ሸጋ ናት። የሰውን ዓይን አስቀርቶ ፀሐይዋን ብቻ የሚያስገባ መስታወት ካለህ አምጣ።»

«ታዲያ መቼ ሊቀላ ነው?»

«ነገ ይሆናል።»

ይህን «ነገ ይሆናል» ከጥቅምት ጀምሮ ሰማሁት። በየቅዳሜው የጭነት መኪናው ሾፌር የወይዘሮ ሽታዬን አንድ ቃል ያደርሳል፦ «ቀላ ወይ?» አያ አላምረው ፊታቸውን አዙረው ባናውን ያስተካክላሉ። «ደኅና ነን በላት» ይላሉ።

በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ውርጩ ሥራውን ጨረሰ። ጠዋት ተክሉ ጠቁሮ፣ ፍሬው ውሃ ሆኖ አገኘነው።

ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩ። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ከውርጩ የተረፈ አንድ አረንጓዴ ቲማቲም።

«ያንተ መስኮት ፀሐይ ያገኛል» አሉ።

«ሰው ቢያይብዎትስ?»

ቤቴን ከጣራው እስከ ወለሉ ቃኙት። «አንተን ምንህን ብሎ ይመቀኝሃል?»

ተቀብዬ መስኮቴ ላይ አኖርሁት። እነሆ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ዛሬ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ታችኛው ጫፉ ላይ ጥቂት ቅላት ያየሁ መሰለኝ። ለሾፌሩ ልነግር እስከ ደጅ ወጣሁና ፈርቼ ተመለስሁ። ወዲያው ጎረቤታችን ወልደ ገብርኤል በመስኮቴ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንጃ» አልሁት፤ «አንድ ነገር ነው።»

ኮቴንም አውልቄ መስኮቱ ላይ ሰቀልሁ።