ባለ ሆዱን ሞኒተር የከዳሁ ቀን

ጎበዝ፣ ዛሬ ኮቦ መሀል ቁጭ ብዬ ከሌለ ሰው ጋር ስታኮስ ዋልኩ!

አትሳቁ። ሰውዬው ስክሪኑ ላይ ይታየኛል። እተኩሳለሁ። የለም! ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ደግሞ ገድሎኝ ቁጭ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አያ ሰይድ ጌም ቤትን የማታውቁ ካላችሁ፣ የተኩስ ጌም የምንጫወትበት ቤት ነው። እዚያ ቤት እኔን የሚችል የለም። አልነበረም ልበል እንጂ! ለደሴው ውድድር ከኛ አካባቢ አንድ ሰው ብቻ ይላካል ሲባል እኔ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ለእናቴም ነግሬያታለሁ። እሷ ደግሞ ለአገሩ!

የቀረኝ ከዋጃ የሚመጣውን ሀፍቶምን ማሸነፍ ብቻ ነበር። ከሦስት ጌም ሁለቱን ያሸነፈ ደሴ ይሄዳል።

አያ ሰይድ ለዚሁ ክብር አዲስ ፍላት ስክሪን አስገብቷል። ቅጥነቱ! ከጎን ሲያዩት ትሪ ነው የሚመስለው። አጠገቡ የኔው የድሮ ባለ ሆድ ሞኒተር ጀርባውን ግድግዳ አስነክቶ፣ አቧራውን ለብሶ ተቀምጧል። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ዛሬ አፈርኩበት።

እንግዲህ ወሎ ነን። እንግዳን አሮጌው ላይ አስቀምጦ መጫወት ነውር ነው። "ና ወንድምዓለም፣ አንተ አዲሱ ላይ" አልኩት፣ ልቤ እምቢ እንዲለኝ እየተሳለ።

"በጃኻ፣ አንተ ተቀመጥ" አለኝ ሀፍቶም በትግርኛው እየለመነኝ። ዝምተኛ ልጅ ነው፣ ሲናገርም መሬት መሬት ያያል።

"በሞቴ!"

"በማርያም!"

ተመልካቹ ሰለቸው። አያ ሰይድ "ወላሂ ስትግደረደሩ መብራት ሊሄድብን ነው! እንግዳው ካለ እሺ በልና ተቀመጥ" ብሎ ገላገለን። እኔም እያዘንኩ... ውሸቴን ነው፣ እየዘለልኩ ተቀመጥኩ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።

እጄ ያዛል፣ ስክሪኑ ቆይቶ ይሰማል። ዞብል ተራራ ላይ መብረቅ በርቆ ድምፁ ኮቦ እስኪደርስ እንደምንጠብቀው በሉት። ቆይታው ለዓይን አይታወቅም እኮ! እጅ ግን ያውቃል። የማየው ትንሽ ቀደም ብሎ የነበረውን ሀፍቶም ነው። እሱ ሄዷል፣ እኔ የነበረበትን እደበድባለሁ።

እየተሸነፍኩ ገረመኝ። ይህ እጄ ለካ እኔ ሳላውቅ ከዚያ ሆዳም ሞኒተር ጋር ተግባብቶ ኖሯል! ጎበዙ እኔ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ተበላሁ።

"ስክሪኑ ነው! ቦታ እንቀያየር!" ብዬ ተነሳሁ። ሰው ሳቀ። ሀፍቶም ግን ተነስቶ ለቀቀልኝ።

ባለ ሆዱ ላይ ስቀመጥ፣ አቤት! እጄ ቤቱ ገባ። አሁን ሀፍቶም በተራው አየሩን ይተኩሳል። "አየህ? አየህ አይደል?" እያልኩ ወደ ተመልካቹ ዞሬ ሁሉ ፎከርኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት?

ሀፍቶም ማውሱን ለቀቀ። ስክሪኑን ትንሽ አየው። መልሶ ያዘ።

ከዚያ በኋላ አልሳተኝም!

ገና ከግድግዳው ጥግ ሳልወጣ ባዶውን ቦታ ይተኩሰዋል። እኔው ራሴ ሮጬ ጥይቱ ውስጥ እገባለታለሁ! ብሮጥ ቀድሞኛል። ብዘል ከላይ ጠብቆኛል። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም፤ ማውሱን ጥዬ ላጨበጭብለት ምንም አልቀረኝ። አያ ሰይድ ቀስ ብሎ "ማሻአላህ" አለ።

ሁለተኛውንም ተበላሁ፤ ደሴ ቀረችብኝ።

"እንዴት አደረግኸው?" አልኩት እጁን እየጨበጥኩ።

አፈረ። "እንደ ወፍ ነው እኮ። ማሽላ ስንጠብቅ የወንጭፉን ድንጋይ ወፏ ካለችበት አንወረውርም፣ ከምትደርስበት ነው። ይሄም ስክሪን ያለፈውን ነው የሚያሳየው። አንተ ማሽላ ጠብቀህ አታውቅም?"

ሰው ሁሉ ያየኛል። አውቃለሁ ብል ምን ማመካኛ ይቀረኛል?

"አላውቅም" አልኩ!

የኮቦ ልጅ! ልጅነቴን በሙሉ ማማ ላይ ቆሜ ከአባቴ ማሽላ ወፍ ሳባርር ያደግሁት!

ከበሩ በኩል አንድ ሳል ተሰማ። አባቴ። እናቴ "ልጅህ ደሴ ሊሄድ ነው፣ ሂድና እየው" ብላ ልካው ኖሯል። ከስንት ቀን አንድ ቀን ጌም ቤት ቢመጣ፣ ዛሬ!

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ካላወቅህማ ጥሩ ነው፣ ማሽላው ፍሬ ይዟል፣ ወፉም መጥቷል። ነገ ማማው ላይ ወጥተህ ትማራለህ" ብሎኝ ሄደ።

ሻንጣዬን ለሀፍቶም አዋስኩት። ለኔ ወንጭፍ ይበቃኛል።

አሁን ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነው፤ እናንተ አንድ በሉኝ። ማማው ላይ ፍላትም የለ፣ ባለ ሆድም የለ። ነገ አባቴ ቆሞ እያየኝ ወፏን ስስታት በምን ላመካኝ?