ሆድ ባሰኝ ብዬ እግሬን ታሸሁ

ልጁን ካናዳ ያሳደገ ሰው አንድ ቀን እግሩን ለማያውቀው ሰው ማስረከቡ አይቀርም። የእኔ ተራ ባለፈው ቅዳሜ ደረሰ። ልጄ ሳሮን ፎረስት ሎን የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሪፍሌክሶሎጂ ወደሚሠራበት ቤት ይዛኝ ሄደች። ውስጥ እግርን እየተጫኑ የሌላውን አካል ሕመም እናስታግሳለን የሚሉበት ነው። "እማዬ፣ ሪላክስ ታደርጊያለሽ" አለችኝ።

እናንተም ከሄዳችሁ አትፍሩ፤ የሚወልቀው ካልሲ ብቻ ነው። ብቻ ያልተቀደደ አድርጉ... ባለሙያዋ እግሬን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ምኔን እንደሚያመኝ ጠየቀች። እንግሊዝኛዬ ለገበያ እንጂ ለሕመም ስለማይበቃ የምታስተረጉመው ሳሮን ናት።

"ምኔንም አያመኝም። ብቻ አባትሽ ካረፈ ወዲህ ሆድ ይብሰኛል በያት።"

ሳሮን አስተረጎመች፦ ሆዷን ያማታል፤ እየባሰባትም ነው።

"ስቶማክ" የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ። ማረም ነበረብኝ። ግን ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ እኔና ልጄ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለ እሱ ብቻ አናወራም። ታዲያ በማላውቃት ሴት ፊት፣ እግሬ ሳፋ ውስጥ ሆኖ፣ ከየት ልጀምረው?

ግድግዳው ላይ ትልቅ የእግር ሥዕል አለ። ሬድስቶን እንደሚባለው አዲስ ሰፈር ተሸንሽኗል፦ አውራ ጣት ራስ ነው፣ ከጣቶቹ ሥር ሳንባ፣ መሃል ላይ ጨጓራ። ሴትየዋ መሃሉን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ያማል። እንባዬ መጣ።

"ጥሩ ነው፤ ሆዷ እየለቀቀ ነው" አለቻት ለሳሮን።

ስትጨርስ ውሃ በደንብ እንድጠጣ፣ ወተት ደግሞ እንድተው መከረችኝ። ሌላ ሴት ባሏ ሲሞት ጥቁር ትለብሳለች፤ እኔ ወተት ተከለከልኩ።

መኪና ውስጥ ሳሮን ሞተር ሳታስነሳ ወደ እኔ ዞረች።

"እማዬ፣ መቼ መቼ ነው የሚብስሽ? ስትበይ?"

"የአባትሽን የክረምት ጫማ በር ላይ ሳየው።"

"ዌይት፣ ቆይ። ስቶማክ አይደለም እንዴ?"

"አይደለም።"

ቁልፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "እኔንም እኮ እንደዛ ያደርገኛል። የድሮ ቮይስ ሜሴጁን ስሰማ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅማ።"

"ሆድ ባሰኝ ነው የሚባለው።"

"ሆድ... ባሰኝ" አለች።

"ይለመዳል" አልኳት። ቃሉን ማለቴ ነው።