የወይዘሮ ማልሱን ሆድና የጎመኑ ወር

በየሰፈሩ፣ ሐኪም ሆዷን ሰፍቶ እጇን ማሰር የረሳት አንዲት ሴት አትጠፋም። ለኛ ለጉንሳን ከተማ ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ማልሱን ናቸው፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ከባድ ነገር ሲያዩ የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ "ይቺ ምን አላት!"

መጀመሪያ ለሐሞት ጠጠር ሆዳቸው ተከፈተ። ሐኪሙ "ከባድ ነገር እንዳያነሱ" ብሎ ሸኛቸው። እሳቸው ግን ቁስሉ ሳይሽር የጨው ጆንያ ተሸክመው ከገበያ ከች! የተሰፋው ከውስጥ ተተረተረና አንጀታቸው በጠባሳው በኩል ቆዳውን ገፍቶ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ብንነግራቸው "ጮማ ነው" ብለው ድርቅ። ሐኪሙ እንደገና ከፍቶ፣ ከውስጥ በሰው ሠራሽ መረብ ደግፎ ሰፋው። በተኙበት ክፍል እንኳ አላረፉም፤ የሌላ በሽተኛ አልጋ ሲገፉ ነርሷ እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው።

"ይሄም ከላላ ደግሜ የምሰፋበት ደህና ሥጋ አላገኝም። ለሕይወትዎም ያሰጋል" አላቸው ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው።

"አጥብቀኸው የለ እንዴ ልጄ? ጎመኑ ደርሷል እኮ!"

እውነትም ኅዳር ገብቶ ነበር። ያኔ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጥቅል ጎመን በጨው ይዘፈዝፋል፣ በርበሬ ይለውሳል፣ ለብርዱ ወራት የሚበላውን ኮምጣጣ ጎመን፣ ኪምቺን፣ በየማሰሮው ይከታል። ሴቶቹ መከሩና ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ሥራቸው መቅመስ ብቻ። "ጨው አነሰው! አንቺ፣ እጅሽ ሞቷል እንዴ?" እያሉ አንጀታችንን አሳረሩት። ይሁን፣ ብቻ ከወንበሩ አይነሱ።

ዞር ብዬ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ወይ ጉድ! ሮጬ የራሴ በር ላይ አገኘኋቸው፤ አጠገባቸው አፉ ድረስ የሞላ ማሰሮ፣ ሁለት እጃቸው ሆዳቸው ላይ፣ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ምን ነካዎት? መሞት ነው የሚፈልጉት?" ብዬ ጮኽኩባቸው።

"አትጩህ ቢዮንግዱ። ዓመቱን ሙሉ 'ወገቤን፣ ወገቤን' ስትል አይደል የምትውለው? ማን ያምጣልህ ታዲያ?"

ሐኪም ቤት እስክንደርስ "ሁለተኛ ዓይናቸውን አላይም" እያልኩ ስምል ነበር። ሐኪሙ መርምሯቸው ወጣና "ጡንቻቸው ብቻ ነው የተወጠረው፤ መረቡ ይዟል" ሲለኝ ግን፣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ልጠይቃቸው ስገባ የቀላ ዓይኔን አይተው ተቆጡኝ።

"ምን ያስለቅስሃል? ይልቅ ማሰሮው ደጅ ቀርቷል፤ ውርጭ ሳይመታው ሂድና አስገባው። ደግሞ ከባድ ነው፣ ብቻህን እንዳታነሳው!"