ቀይ የማይወዱት አለቃዬ

ቀይ ቀለም የሚፈራ አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው አለቃ ዶሮ ወጥ እንኳ በአልጫ የሚሠራላቸው ይመስለኛል። ቂሊንጦ ባለው ፋብሪካችን ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጨውን ቦይለር ግፊት የሚመዘግብ ሲስተም አለ። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በቀይ ይጽፋል፤ የቦይለሩ ሠራተኛ ታደሰም ያንን አይቶ ቦይለሩን ያጠፋዋል። አለቃዬ ደግሞ መዝገቡን ከሪፖርታቸው ጋር አያይዘው ለበላይ ይልካሉ።

«ይሄ ቀይ ያስገመግመናል፤ አጥፋልኝ!» አሉኝ።

«ማስጠንቀቂያ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ደህና ደህናውን ብቻ ይመዝግብ!»

የሲስተሙ ባለሙያ እኔ ነኝና አስተካከልኩት። ሪፖርታችን ተጨበጨበለት።

ሰኞ ዕለት ቦይለሩ ፈንድቶ ታደሰን ገደለው። መርማሪዎች መዝገቡን አስከፈቱኝ። ቦይለሩ በፈነዳባት ደቂቃ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል። የታደሰ ሚስት ከኋላቸው ቆማ አነበበችው።

«ታዲያ ባሌን ምን ገደለው?» አለችኝ።