ከወንዙ ማዶ የጻፍኩት ሞተር

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይናገር ቢባል ከጫካችን ኮረሪማ በአንድ ክረምት ባለቀ ነበር። እኛ ዘንድ፣ በሚዛንና በቴፒ መካከል ባለው የቡና አገር፣ «ይህን የመሰለ ኮረሪማ ከየት ለቀምክ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እውነቱን መመለስ ግን ሞኝነት ነው። ተጠያቂው አገጩን ወደ ሌላ ሸንተረር ቀና አድርጎ «ወዲያ ማዶ» ይላል፤ ጠያቂውም ማዶ እንዳልሆነ እያወቀ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ማንም አልተታለለም፣ ማንም አልተቀየመም። እኔ ደግሞ ከድሮም ንግግር አላበዛም። ሚስቴ «ካንተ ጋር ከማውራት ግንድ መፍለጥ ይቀላል» ትላለች። ስለዚህ «ወዲያ ማዶ» ለእኔ ረጅም ንግግር ነው።

ታዲያ ልጄ አስቴር ቴፒ ገብታ ስለ ማሽን መማር ጀመረች። የቡና መፈልፈያችን ብልሽት ያበዛልና ደስ አለኝ። ለካስ እሷና ጓደኞቿ ከትምህርት ሲወጡ የሚሠሩት የሚዋጋ ሮቦት ኖሯል! በጣውላ በታጠረ ሜዳ ላይ ጎማ ያላቸው ሁለት ብረቶች እንደ ኮርማ ይጋፋሉ፤ የተገለበጠ ተሸነፈ። አትሳቁ። እኛስ በሬ ሲዋጋ ሥራ ፈተን አላየንም?

አንድ ማክሰኞ ሙዝና በሶ ይዤላት ብሄድ ፈተና ላይ ናት አሉኝ። በሚሠሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ «ምን የት ይገኛል» የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ለሮቦት የሚሆን ዕቃ ያየ ሁሉ ቦታውን ጽፎ ስሙን ያኖርበታል፤ የሞተ ማተሚያ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጓሮ፣ የባጃጅ ሽቦ ከጋራዡ አጥር ሥር፣ እያለ ይወርዳል። ዕቃውን የወሰደ ሰው ያንን ይሰርዝና በምትኩ ሌላ ይጽፋል። ወረቀቱን የሚጠብቀው ካሳሁን የሚባል ከማሻ የመጣ ተማሪ ነው። የአስቴር ሮቦት አንዱ ሞተሯ ተቃጥሎ እንደታመመች ዶሮ ባንድ ቦታ እንደምትሽከረከር፣ ለቅዳሜው ውድድር የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ካልተገኘላት እንደማትገባ እሱ ነገረኝ። «አባቴ፣ እርስዎም የሚያውቁት ካለ ይጻፉልን» ብሎ እስክርቢቶ አቀበለኝ።

አውቃለሁ እንጂ! ከመንደራችን በታች፣ ከተዘጋው የጣውላ መሰንጠቂያ ጀርባ፣ ባለቤቱ «የፈለገ ይንቀል» ብሎ የተወው የጭነት መኪና አለ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ግድግዳ ላይ ይጻፋል? በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቴ «የመጥረጊያ ሞተር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከሾላው ሥር» ብዬ ስሜን አኖርኩበት። እውነተኛውን ለልጄ ለብቻዋ እነግራታለሁ ብዬ ነው። መኪና እንዳያመልጠኝ ስንቁን ለካሳሁን ትቼ ተመለስኩ። በማግስቱ በጎረቤቴ ስልክ ደወልኩላት። ጎረቤቴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። «ደህና ነሽ? ሐሙስ ነዪ» ብዬ ዘጋሁ።

ሐሙስ መጣች። ከካሳሁንና ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር፣ ሦስቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ።

«አባባ፣ ማዶ ምንም የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?!»

ካሳሁን ከካልሲው አልቅት እየነቀለ ቀና አለ። «አባቴ፣ ሾላ የተባለ ሾላ ሁሉ አዳርሰናል እኮ!»

«እሱ የተጻፈው ለሌላ ሰው ነው» አልኩ።

አስቴር አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እነሱ ሲጠራጠሩ፣ አባቴ ከጻፈ አለ ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ግን ሦስት ሰው ጭቃ ሳያስገባ አልጠራም። ተነስቼ ወደ መሰንጠቂያው መራኋቸው። ሞተሩ ተነቀለ፤ ከባትሪ ጋር ሲያገናኙት ዞረ። በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«ነገ ቴፒ መጥተህ የጻፍከውን ትሰርዛለህ» አለችኝ ልጄ። «ሞተሩን ስለወሰድነው ደግሞ በምትኩ ሌላ ትጽፋለህ። የእውነቱን።»

በዚህ ዕድሜዬ ታዘዝኩ። ዓርብ ጠዋት ተማሪው ሁሉ እያየኝ ሰረዝኩ። ከሥሩም ከዚያው መኪና ተሰብሮ የወደቀውን ባሌስትራ፣ ያንን ጭነት የሚሸከም ወፍራም ብረት፣ ቦታውን ከነምልክቱ ጻፍኩ። ዶማ እንኳ እንደዚያች እስክርቢቶ ከብዶኝ አያውቅም።

ቅዳሜ የአስቴር ሮቦት አልተሽከረከረችም፤ ቀጥ ብላ ሄደች። ሁለት ጊዜ አሸነፈች። እኔም ሳላውቀው ቆሜ «ግፊው!» እያልኩ ኖሯል። በመጨረሻው ግጥሚያ ግን አንድ ዝምተኛ ወጣት፣ አካፋ የመሰለ ግንባር ያላት ሮቦት አስገባ፤ ከእኛዋ ሥር ገብታ እንደ ቂጣ ገለበጠቻት። ዓርብ ከሰዓት ወስዶ፣ ብየዳ ቤት አሳድሮ ግንባሯ ያደረገውን ብረት አየሁት። ዝገቱን ሳይቀር አወቅኩት።

ባሌስትራዬ ነበር።

የእውነት ትርፉ ይኸው ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አስቴር ግን የተገለበጠችውን ሮቦቷን እንኳ ሳታነሳ ወጣቱን እጁን ይዛ አመጣችው። «የጻፈው አባቴ ነው!» አለችው። ሐሙስ መሬት መሬት ያይ የነበረው ፊቷ ቀና ብሏል። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። እኔ የተዘጋጀሁት ልቆጣው ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሌላው ስባሪ ከኋላ ጎማው ሥር ነው፤ ሣሩን ገለጥ አድርገው» የሚል ሆነ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምን ይደረግ?